ለደረጀ የሰፋሁት የጀርባ ቦርሳ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የደንበኛ ስምና ዕቃውን የሚወስድበትን ቀን ነው፤ እሱንም በጠመኔ፣ እዚያው ቦርሳው ላይ። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ታክሲ ውስጥ “ወራጅ አለ” ማለት እያፈርኩ ስንት ጊዜ መውረጃዬን አልፌ በእግሬ ተመልሻለሁ። በዚህ ሳምንት ግን አንድ ሰው ወደ ሱቃችን መጥቶ፣ ብዙ ቀን ለሚፈጅ አደን የሚሆን ጠንካራ የጀርባ ቦርሳ እንዴት እንደሚመረጥ ጻፊልኝ አለኝና አንድ ገጽ ጻፍኩለት። እሱ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከትቶ ሄደ። እኔ ግን መጻፌን ማቆም አቃተኝ።

የምሠራው ሽሮ ሜዳ ነው። ከአስፋልቱ ዳር፣ ጋቢና ነጠላ ከሚሸጡት ሱቆች መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ቤት አለች፤ እዚያ ሻንጣ፣ ቦርሳ፣ ድንኳን፣ አንዳንዴም ጃንጥላ እንጠግናለን። አሁን አሁን ቅዳሜ ጠዋት ባለቀለም ቦርሳ ያዘሉ ወጣቶች ለእግር ጉዞ ወደ እንጦጦ ይጎርፋሉ፤ ማሰሪያው የተበጠሰበት እኛ ጋ ጎራ ይላል። እኔ ሥራ ስጀምር ግን መንገዱ የእንጨት ተሸካሚዎቹ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ከጫካው በኩል፣ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በጭራሮ የተሸፈኑ ሴቶች ይወርዳሉ፤ ከሩቅ ሲታዩ ሰው ሳይሆን ቁጥቋጦ የሚራመድ ይመስላል። ስለ ሸክም የተማርኩት ከሱቃችን በር ላይ ቆሜ እነሱን በማየት ነው። ልምድ ያላት ሴት ክብደቱን ትከሻዋ ላይ አታሳርፈውም፤ ዳሌዋ ላይ ታስቀምጠውና ገመዱ እንዳይንሸራተት ብቻ ይይዘዋል። ጀማሪዋ በትከሻዋ ትሸከማለች፤ አንገቷ ተገትሮ፣ ዓይኗ ፈጦ። ከዓመት በኋላ ወይ ትለምደዋለች፣ ወይ አትታይም።

ያን ጊዜ ሻይ ሁለት ብር ነበር፤ ቦምቦሊኖም እንደዚያው። ጠዋት ጠዋት ከታክሲ መያዣው አጠገብ ካለችው ሴትዮ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ቦምቦሊኖ እገዛለሁ፤ ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ ጣቴን ያሞቀኛል። የእኔ እኩዮች ጠባብ ጂንስ ለብሰው ሹራባቸውን ወገባቸው ላይ ያስሩ ነበር፤ እኔ አንድ አረንጓዴ ሹራብ ነበረችኝ፣ ክርኗን ሁለት ጊዜ የጠቀምኳት። ከፊት ለፊታችን ዘፈን በሚሞሪ የሚጭን ልጅ ሱቅ ነበረው፤ ድምፅ ማጉያውን በረንዳ ላይ አውጥቶ አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግመዋል። ጥላው ከሄደች ሴት ጋር የሚከራከር ሰው ዘፈን ነበር። ቃሉን ረስቼዋለሁ። ዜማው ግን አሁንም የጆንያ መርፌ ስይዝ ይመጣብኛል፤ ምክንያቱም የደረጀን ቦርሳ የሰፋሁት በእሱ ዘፈን ነው።

ደረጀ ወንድሜ ነው። በአራት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሸማኔ ነበር፤ እሱ ሲሞት እኔ ትምህርት አቁሜ ወደ ቦርሳ ሱቁ ገባሁ፣ ደረጀ የታክሲ ረዳት ሆነ። እሱ አፉ የማይያዝ ልጅ ነው፤ ተሳፋሪ ሲሳደብ እንኳን አስቆት ነው የሚያወርደው። እኔ መናገር ሲያቅተኝ እሱ ይናገርልኛል። የጎረቤታችን ልጅ ሙሉጌታ፣ እኔ ጋሼ ሙሌ የምለው፣ ለውጭ አገር አዳኞች በሚሠራ አንድ ድርጅት ውስጥ ቆዳ ገፋፊ ነበር። ፈቃድ አውጥተው ደጋ አጋዘን ለማደን የሚመጡ ሀብታም ሰዎችን ወደ ባሌና አርሲ ተራሮች ይወስዳሉ፤ እንግዳው ይተኩሳል፣ ዱካ የሚፈልገው፣ የሚሸከመው፣ ቆዳ የሚገፈው የእኛ ሰው ነው። ስምንት ቀን፣ ዐሥር ቀን በእግር። ጋሼ ሙሌ ደረጀን በተሸካሚነት አስገባው። እማዬ አልወደደችውም።

“ልጄ የሰው አውሬ ሊሸከም ነው?” አለች።

“እማማ፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ ሥጋም ይበላል” አለ ጋሼ ሙሌ። “ከዚህ ከጭስ ይሻለዋል። እኔ አለሁ አይደል? ይዤው ሄጄ፣ ይዤው እመለሳለሁ።”

“ቃልህ ነው?”

“ቃሌ ነው።”

ያን ቀን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። እማዬም አልረሳችውም።

ድርጅቱ ለተሸካሚ ቦርሳ አይሰጥም፤ ሁሉም የራሱን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አንድ እሑድ ከሰዓት ከደረጀ ጋር መርካቶ ወረድን። ልባሽ ቦርሳ የሚከመርበት መደዳ ውስጥ ገባን፤ የሻጋታ፣ የፕላስቲክና የናፍጣ ሽታ አንድ ላይ ይመታሃል። እኔ ሻጩን ማናገር ስለማፍር ለደረጀ ጆሮው ላይ እያንሾካሾኩ፣ እሱ ጮክ ብሎ ይናገራል። ስሜን ያን ቀን “ዶክተር” አደረገው።

“ኦሪጅናል ነው ወንድሜ፤ ፈረንጅ ተራራ የወጣበት ነው” አለ ሻጩ አንዱን ትልቅ ሰማያዊ ቦርሳ እያሻሸ።

“መውጣቱንስ ወጥቷል፤ መውረዱን ነው እንጃ” አለ ደረጀ። “ዶክተር፣ በሽተኛው እንዴት ነው?”

ገልብጬ አየሁት። ቦርሳ ሲመረጥ ውጪውን ማየት ከንቱ ነው፤ ውስጡ ተገልብጦ ነው የሚታየው። ማንገቻው ከጀርባው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በሁለት እጄ ያዝኩና ሳብኩት፤ ስፌቱ ጥርሱን አሳየኝ። የውስጡ ሽፋን እንደ ፎረፎር ይራገፋል። ዚፑ ሲከፈት ይጮኻል፤ ጋሼ ሙሌ ደግሞ አጋዘን ከሩቅ ይሰማል፣ የዚፕ ድምፅ የቀን ሥራ ያበላሻል ብሎናል። ቀለሙም ሰማያዊ፣ ከሰማይ በስተቀር ጫካ ውስጥ የማይገኝ።

“አልፏል” አልኩት በሹክሹክታ።

“ዶክተር ‘አልፏል፣ ነፍስ ይማር’ ብላለች” አለ ደረጀ። መደዳው በሙሉ ሳቀ። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ዐሥራ ሁለት ያህል ቦርሳ አየን። አንዱ ጨርቁ ጥሩ ሆኖ የወገብ ቀበቶ የለውም፤ ስምንት ቀን በትከሻ መሸከም ማለት ነው። ሌላው ቀበቶ አለው፣ ታችኛው ክፍሉ ግን በአንድ መስመር ብቻ ነው የተሰፋው። አንድ በእውነት ጠንካራ አገኘን፤ ውስጡ የብረት ዘንግ ያለው፣ በየማዕዘኑ ድርብ ስፌት፤ ዋጋው ግን የደረጀን የሁለት ወር ገቢ ይበልጣል። ደረጀ ትንሽ አዘለው፣ ትንሽ ተራመደበት፣ አውርዶ መለሰው። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ተጠጋሁትና “እኔ እሰፋልሃለሁ” አልኩት። ከዚያ በፊት ማንም ሳይጠይቀኝ እንዲህ አደርጋለሁ ብዬ አላውቅም። ዛሬም ድረስ ያንን ባለ ብረት ዘንጉን ብር ተበድረን እንኳን ብንገዛው ኖሮ እያልኩ አንዳንዴ መርፌዬን እንደያዝኩ እቆማለሁ።

ሸራውን ከአሮጌ የጭነት መኪና ልባስ ቆረጥኩት፤ አቧራማ አረንጓዴ፣ ፀሐይ የመታው፣ ለጫካ የሚሆን። ማንገቻውን ከመኪና ወንበር ቀበቶ ሠራሁት፤ ዊንጌት አካባቢ ያለ ጎሚስታ ጋ ከተጋጨ መኪና የተፈታ ነበር። ዚፕ የለውም፤ አፉ በገመድ ይታሰራል፣ ኪሱ በእንጨት ቁልፍ ይዘጋል፤ አይጮኽም። ወገቡ ላይ ከጋቢ ትርፍራፊ ወፍራም ትራስ አደረግሁለት፤ ክብደቱ እንደ እንጨት ተሸካሚዎቹ ዳሌው ላይ እንዲያርፍ። የቀረው ክሩ ነበር።

የሱቁ ባለቤት ጋሽ በየነ ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉት ሰው። “በናይለን ስፊው ልጄ። ጥጥ ለጋቢ ነው” አሉኝ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከራከርኩ። “ናይለን ያረጀ ሸራ ይቆርጣል ጋሼ። ክብደት ሲበዛበት እንደ ምላጭ ነው። ጥጥ ግን ውኃ ሲነካው ያብጥና የመርፌውን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ዝናብ አይገባም።”

“ማን ነገረሽ?”

“አባቴ።”

“አባትሽ ቦርሳ ሰፍቶ ያውቃል?”

ወስፌዬን አነሳሁ። ጋሽ በየነ ሳቁና “በይ እሺ፣ የሸማኔ ልጅ! ስፊዋ” አሉኝ።

ያልኩት ውሸት አልነበረም። አሁንም እውነት ነው። እኛ ቤት ውስጥ ከጥጥ የሚበልጥ ነገር እንዳለ ማንም አስቦ አያውቅም፤ አባዬ ናይለንን “የላስቲክ ጅማት” ነበር የሚለው። ክሩን የፈተለችው እማዬ ናት። ቦርሳው ለደረጀ መሆኑን ስነግራት እንዝርቷን አውጥታ ሦስት ቀን አጥብቃ አጥብቃ ፈተለች፤ አራት አራቱን ክር አንድ ላይ ገመድኩት፣ በጧፍ ሰም አሸሁት። “በእጄ የፈተልኩት ይዞት ይሂድ” አለች። በወስፌ እየበሳሁ፣ ማንገቻውን አራት መስመር፣ መስቀለኛ አድርጌ ሰፋሁት። ሲያልቅ የሱቁ ጣሪያ ወራጅ እንጨት ላይ ሰቀልኩትና ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውኃ ከተትኩበት፤ ሦስት ቀን እዚያው ተንጠልጥሎ ቆየ። ከላይም ውኃ አፈሰስኩበት። አንዲት ጠብታ ወደ ውስጥ አልገባችም። ደረጀ መጥቶ እሱም በማንገቻው ተንጠለጠለ፤ እግሩን እያወራጨ “ፈትኜዋለሁ፣ አልፏል!” እያለ ሲጮኽ ከጋቢ ሱቆቹ ሰው ወጥቶ ያየን ነበር። ጋሽ በየነ መነጽራቸውን አወረዱና ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱ። ምንም አላሉም። ከእሳቸው ዝምታ የሚበልጥ ምስጋና አላውቅም ነበር።

ደረጀን ብዙ ነገር ጠየቅሁት፤ ስንት ቀን ትሄዳለህ፣ ምን ትይዛለህ፣ ዝናብ አለ ወይ፣ ብርዱስ። አንድ ነገር አልጠየቅሁትም፤ ስትመለስ ምን ትሸከማለህ አላልኩትም። ቢሸከም ያንኑ ብርድ ልብስ፣ ያንኑ ድስት መስሎኝ ነበር። የታደነው አጋዘን ቆዳ ተገፎ በጨው ታሽቶ፣ እርጥቡን፣ በተሸካሚ ጀርባ እንደሚወርድ ማን ይነግረኛል? ሸማኔ ቤት ነው ያደግሁት። ጨው የማውቀው ወጥ ውስጥ ነው።

ከመስቀል በኋላ የመጀመሪያውን ጉዞ ሄደ። አፍንጫው ተልጦ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ እየሳቀ ተመለሰ። ቦርሳው የደምና የሆነ የእንስሳ ሽታ ይሸታል። ላጥበው ብዬ ሳሙና ሳመጣ እጄን ያዘኝ። “አበድሽ? ሳሙና ከሸተተ አጋዘኑ አዲስ አበባ ድረስ ይሮጣል። የአዳኝ ዕቃ አይታጠብም።” ጋሼ ሙሌም እውነቱን ነው አለኝ። ሳሙናውን መለስኩት። ሁለተኛው ጉዞም እንደዚያው። ማንገቻውን ከላይ ከላይ አየሁት፤ ሰሙ ያብረቀርቃል፣ መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነው። ውስጡን አልገለበጥኩም። መርካቶ ለማላውቀው ሻጭ ያደረግሁትን ለራሴ ሥራ አላደረግሁም።

ሦስተኛው ጉዞ ላይ ስልክ ተደወለ። ደረጀ ዝናብ ላይ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ቆዳውን እንደተሸከመ ወድቋል። በበቅሎ፣ ከዚያ በመኪና አዲስ አበባ አመጡት። ሆስፒታል ስንደርስ ጋሼ ሙሌ ኮሪደሩ ላይ ጭቃ እንደሆነ ቆሟል። “አድጦት ነው” አለ። ደረጀም ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያለው “አድጦኝ ነው” ነበር። የጀርባ አጥንቱ ተሰብሯል። ከወገቡ በታች አልተመለሰለትም።

“ቦርሳውስ?” ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።

“ገደል ገባ” አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። “ተዪው።”

ሁለት ዓመት ተኝቷል። ያንን ሁለት ዓመት መጻፍ አልፈልግም፤ ግን ካልጻፍኩት ሌላው ሁሉ አይገባም። አንድ ክፍል ቤት ነው ያለን። በየሁለት ሰዓቱ እናገላብጠዋለን፤ እማዬ በትከሻው፣ እኔ በእግሩ። እንደዚያም ሆኖ የመኝታ ቁስል ወጣበት፤ መጀመሪያ እንደ ሳንቲም፣ በኋላ እጅ የሚያስገባ። ለብ ባለ የጨው ውኃ ነበር የምናጥበው፤ ነርሷ ያዘዘችን እንደዚያ ነው። ስለማይሰማው አይጮኽም። እማዬ ናት የምትጮኸው። ሽታው ልብሳችን ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሱቅ ስሄድ ሰዎች ራቅ ብለው ይቀመጣሉ፣ ታክሲ ውስጥ መስኮት ይከፍታሉ። ደረጀ ግን ይቀልዳል። “ዶክተር፣ በሽተኛው እንዴት ነው?” ይለኛል። እኔ የቁስሉን ጨርቅ እቀይራለሁ።

ከወደቀ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ወር አንድ የጨው ነጋዴ የሸራ ከረጢት ይዞ ሱቅ መጣ። ሸራው ደህና ነው፤ ስፌቱ ግን ስነካው እንደ አመድ ተበተነ። ክር መሆኑ ቀርቷል። “በምንድን ነው የተሰፋው?” አልኩት።

“በጥጥ ነዋ! አንድ የማያውቅ ሰው ሰፋልኝ። ጨው ጥጥ አይምርም፤ እርጥበት ካገኘማ ከውስጥ ነው የሚጨርሰው፤ ከላይ አይታይም። በናይለን አድርጊልኝ እህቴ።”

ያን ቀን ከሰዓት ምን እንደሠራሁ አላስታውስም። ቤት ስገባ እማዬ ደረጀን ደግፋ ሾርባ ታጠጣዋለች። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት፣ አየኝ። ልንገረው አፌን ስከፍት “ሹራብሽ ተገልብጧል” አለኝ። እውነትም ተገልብጦ ነበር። አስተካከልኩት። ያም ጊዜ አለፈ።

ደረጀ የሞተ ጊዜ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጋሼ ሙሌ መጣ። እማዬ ተነሳች፤ ሴቶቹ ሊይዟት ቢሞክሩም አልቻሉም። “ይዤው እመለሳለሁ አላልክም? ቃሌ ነው አላልክም?” አለች። እሱ ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። “ልጅ ውለድ። ልጅ ወልደህ እንደኔ ቅበር!” አለችው። እናት እንዲህ ብላ ስትረግም ሰው ይደነግጣል፤ አንዲት አሮጊት “ኧረ ተይ፣ ኧረ ተይ” እያሉ አማተቡ። እኔ ከእማዬ ጎን ነበርኩ፣ ክንዷን ይዤ። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። ሐዘንተኛ ስለሆንኩ ሁሉም ያዘነው ለእኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዐሥር ዓመት ሊሆን ነው። ሠፈሩ ተለውጧል፤ ዘፈን የሚጭነው ልጅ ሱቅ ሞባይል መሸጫ ሆኗል፣ ቦምቦሊኖ የምትሸጠዋ ሴትዮ የለችም፣ ጋሽ በየነ ዓይናቸው ደክሞ ቁጭ ብለው ያዝዙኛል። ያልተለወጠው የእማዬ ጠዋት ነው። ጸሎቷን ታደርሳለች፤ ለሞቱት፣ ለታመሙት፣ ለአገር። ከዚያ አሜን ከማለቷ በፊት የጋሼ ሙሌን ስም ትጠራለች። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ተኝቼ እሰማለሁ። እርግማኑ የሚገባው ሰው ከእሷ አልጋ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው።

በዚህ ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ሱቁ በር ላይ ሰው ቆመ። ጺሙ ሸብቷል። ወዲያው አወቅሁት።

“እንዴት ነሽ?” አለኝ። “አድገሻል።”

“ደህና ነኝ ጋሼ ሙሌ።”

ተቀመጠ። አሁንም እዚያው ድርጅት ነው፤ አለቃ ሆኗል። አዲስ ተሸካሚዎች ቀጥሯል፤ ቆሻሻ ቦርሳ እየገዙ እየመጡ አስቸግረውታል። “አንቺ ታውቂያለሽ። ምን ዓይነት እንደሚመርጡ ጻፊልኝ፤ እያነበብኩ እነግራቸዋለሁ” አለ። ጻፍኩለት። መጀመሪያ ያሰፈርኩት ‘ሲመለሱ ምን ይሸከማሉ?’ የሚል ነበር። ከዚያ፣ ገልብጠው ይዩ፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላም ገልብጠው ይዩ። ማንገቻው ከጀርባው የሚገናኝበትን ቦታ በሁለት እጅ ይሳቡ። የወገብ ቀበቶ የሌለው አይግዙ። የሚጮኽ ዚፕ ይቅር። ቆዳው በቀጥታ ቦርሳ ውስጥ አይግባ፤ ለብቻው በላስቲክ ይጠቅለል። ሳሙና ባይቻልም በንጹሕ ውኃ ጨውን ያለቅልቁት። ክሩ ናይለን ይሁን፤ ወፍራም ናይለን፣ አዲስ ሸራ ላይ።

ወረቀቱን አነበበው፤ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ግን አልተነሳም።

“እማማ ደህና ናቸው?”

“ደህና ናት።”

“ዛሬም ይረግሙኛል?”

መዋሸት አልቻልኩም። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

“ይገባኛል” አለ። “እኔ ችዬው ነበር። ለራሴ ቢሆን እስከ መቃብር እችለዋለሁ። ልጄ ናት እንጂ። አምስት ዓመቷ ነው። ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ ተባለ፤ ለቀዶ ሕክምና ተራ እየጠበቅን ነው። ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ሦስት እርምጃ ሄዳ ትቀመጣለች። ባለቤቴ ‘የዚያች እናት እርግማን ነው’ ትላለች። እኔ አላምንም ነበር። አሁን ግን ልጅቷ ስትተነፍስ ቁጭ ብዬ እየቆጠርኩ አድራለሁ። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ልኬ እማማ መልሰውብኛል። አንቺ ለምኚልኝ። ያንሱልኝ።”

“ጋሼ ሙሌ...” አልኩ።

“የስፌቱን ነገር ማወቅሽን ከወረቀቱ አየሁ፤ ንገሪያቸው ግን አልልሽም” አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጋሽ በየነ እንዳይሰሙ። “እሱን ለማንም አልተናገርኩም። ደረጀ እዚያው ወድቆ እያለ የተበጠሰውን ማንገቻ አየው፤ ክሩ በስብሶ ጭቃ ሆኗል። ‘ቦርሳውን ገደል ክተተው፣ አድጦኝ ነው በል፣ እህቴ እንዳትሰማ’ አለኝ። ከተትኩት። ቃል ነው። አንቺ ይቅርታውን ብቻ ለምኚልኝ።”

ሄደ። ሦስት ሰው፣ ደረጀ እስኪሞት፣ እኔና ጋሼ ሙሌ እስከ ዛሬ፣ እያንዳንዳችን ለብቻችን ያወቅነውን ይዘን ተቀምጠን ኖሯል። ደረጀ እያየኝ ያንን ሁሉ ጊዜ ያውቅ ነበር። “ዶክተር” እያለ።

በማግስቱ ከሰዓት በጊዜ ወደ ቤት ገባሁ። እማዬ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ትፈትላለች። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደምጀምር አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ ከጨው ነጋዴው ጀመርኩ። እሷ መጀመሪያ የሱቅ ወሬ መሰላት፤ “እህ” እያለች ትፈትላለች። ቀጥዬ ቆዳው በጨው እንደሚታሽ ነገርኳት። ቦርሳው እንዳልታጠበ። ማንገቻው እንደተበጠሰ።

“ደረጀ አድጦት ነው” አለች።

“አላዳጠውም እማዬ።”

“ጥጥ አይበጠስም።”

“ጨው ይበላዋል። በናይለን ስፊው ተብዬ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።”

እንዝርቱ ቆመ። “የትኛው ክር ነው?” አለች።

ልዋሽ አስቤ ነበር፤ ከሱቅ የገዛሁት ነው ልላት። ፊቷን ሳይ አልቻልኩም። ዝም ማለቴ ነገራት። ጣቶቿን አየች፤ ጥጡ አሁንም በመካከላቸው ነበር።

“ያ ሙሉጌታ ያውቅ ነበር?”

“ያውቅ ነበር። ደረጀ ነው አትናገር ያለው።” ከዚያ የልጅቷን ነገር ነገርኳት፤ ልቧን፣ ከንፈሯን፣ ሦስት እርምጃዋን። እማዬ አላለቀሰችም። መንገዱን አየች። እንጨት የያዙ ሁለት ሴቶች አለፉ፣ ሰላም አሏት፤ አልመለሰችም።

ዛሬ አራተኛ ቀን ነው። ጠዋት ትነሳለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የማንንም ስም ስትጠራ አልሰማሁም። ምግብ አቀርብላታለሁ፤ ትበላለች፣ ወይም አትበላም። አላናገረችኝም። ለጋሼ ሙሌ ያለችውን በዚያው ምሽት ደውዬ ነገርኩት፤ ስልኩ ላይ ሲያለቅስ ሰማሁት። ለእኔ ያለችው ግን እኔው ጋ አለ። ጥጡን ከጣቷ ላይ አራግፋ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ እንዲህ አለች፦

“ትታልሃለች በዪው፤ እግዚአብሔር ልጁን ይማርለት። እኔ ግን እንግዲህ ማንን ልርገም?”